የኦቲዝምን የአንጎል ኬሚስትሪ በምስል ለማጥናት፦ የትኛው መሣሪያ ለየትኛው ጥያቄ?

ጎንደር ውስጥ በሕፃናት ክፍል ተረኛ ሆኖ የሠራ ሰው ሁሉ ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። እናት የአራት ዓመት ልጇን አቅፋ ትገባለች፤ ልጁ ስሙ ሲጠራ አይዞርም፣ የእናቱን ነጠላ ጥለት በጣቱ እየዳሰሰ እሱኑ ብቻ ያያል። ጠበል ተወስዷል፣ ጆሮውም ተመርምሮ መስማቱ ደህና ነው ተብሏል። ከዚያ እናቲቱ፦ «እባክዎ ዶክተር፣ ጭንቅላቱን ፎቶ ያንሡልኝና የጎደለውን ይንገሩኝ» ትላለች።

ለዚህ ጥያቄ መልሱን ሳናድበሰብስ መስጠት ይገባናል። በአንድ ልጅ ላይ ኦቲዝም «አለ» ወይም «የለም» ብሎ የሚወስን የአንጎል ምስል እስካሁን የለም። ኦቲዝም የሚለየው የልጁን ባሕርይ በጥንቃቄ በመመልከትና የዕድገቱን ታሪክ ከወላጅ በዝርዝር በመስማት ነው። ኤምአርአይ የሚታዘዘው የሚጥል በሽታ ወይም ሌላ የነርቭ ችግር ሲጠረጠር ነው፤ ስለዚህ አንድ ቤተሰብ በሬውን ሸጦ ለምስል ወደ አዲስ አበባ ከመሳፈሩ በፊት ይህ በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

ይሁን እንጂ «የጎደለው ምንድን ነው?» የሚለው የእናቲቱ ጥያቄ እውነተኛ የምርምር ጥያቄ ነው፤ ተመራማሪዎችም ከስድሳ ዓመት በላይ ሲመላለሱበት ኖረዋል። ይህ መመሪያ የተጻፈው በዚህ ጥያቄ ላይ መሥራት ለሚፈልጉ፣ በተለይም የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ርእስ በመምረጥ ላይ ላሉ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና ለወጣት ሐኪሞች ነው። አማራጮቹን የማወዳድረው በዝናቸው ወይም በዋጋቸው ሳይሆን ሁለት ነገሮችን ይዤ ነው፦ መሣሪያው በእርግጥ የሚለካው ምንድን ነው? ልጁስ ያንን ልኬት ሊችለው ይችላል ወይ?

ከመሣሪያው በፊት ጥያቄው

«የአንጎል ኬሚስትሪ» የሚለው አነጋገር ብዙ የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ1961 ሻይንና ፍሪድማን የተባሉ ተመራማሪዎች ኦቲዝም ባላቸው አንዳንድ ልጆች ደም ውስጥ ሴሮቶኒን ከፍ ብሎ ማግኘታቸውን ገለጹ፤ ኋላ የተደረጉ ጥናቶችም ይህ ከአራት አንድ እስከ ከሦስት አንድ በሚሆኑት ላይ እንደሚታይ አሳይተዋል። ነገር ግን በደም ውስጥ ያለው ሴሮቶኒን በደምና በአንጎል መካከል ያለውን አጥር አያልፍም፤ የደሙ መጠን ስለ አንጎሉ በቀጥታ አይመሰክርም። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ሩበንስታይንና መርዘኒክ ሌላ ሐሳብ አቀረቡ፦ በአንጎል ውስጥ በሚያነቃቃው ግሉታሜትና በሚያረጋጋው ጋባ መካከል ያለው ሚዛን ተዛብቶ ሊሆን ይችላል የሚል ነው። ዛሬ በምስል የሚደረገው ጥናት በአብዛኛው ከእነዚህ ሁለት ምንጮች የተቀዳ ነው።

ተማሪዎቼ እንዲገባቸው ይህን በጎተራና በወፍጮ እመስለዋለሁ። ስለ አንድ ቤት እህል ስንጠይቅ በጎተራው ውስጥ ምን ያህል እንዳለ፣ የሚቀበሉት ወፍጮዎች ስንት እንደሆኑ፣ በቀን ምን ያህል እንደሚፈጭ፣ በመጨረሻም ቤተሰቡ ጠግቦ ማደሩን መጠየቅ እንችላለን። አራቱም ስለ እህል ናቸው፤ የአንዱ መልስ ግን የሌላውን አይተካም። ከታች ከማብራራቸው መሣሪያዎች መካከል ስፔክትሮስኮፒ ጎተራውን ይለካል። ፔት እንደተመረጠው ንጥረ ነገር ወፍጮዎቹን፣ ማለትም የኬሚካሉን ተቀባዮች፣ ይቆጥራል፣ አንዳንዴም የመፍጨቱን ፍጥነት ይገምታል። ኢኢጂና የተግባር ኤምአርአይ የቤቱን ሰው ፊት አይተው ስለ ጥጋቡ ይናገራሉ። አንድ ተማሪ «ጋባን አጠናለሁ» ብሎ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ከአራቱ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ነው፤ ይህን ሳይለይ መሣሪያ የመረጠ ሰው ያልጠየቀውን ጥያቄ ሲመልስ ይገኛል።

ስፔክትሮስኮፒ፦ የጎተራው ልኬት

ማግኔቲክ ሬዞናንስ ስፔክትሮስኮፒ፣ በአጭሩ ኤምአርኤስ፣ የሚሠራው በተለመደው የኤምአርአይ መሣሪያ ላይ በሚጫን ተጨማሪ ፕሮግራም ነው። ጨረር የለውም፣ መርፌ የለውም፣ ልጁም ምንም አይውጥም። ልጅን ለሚያጠና ሰው ይህ ብቻውን ትልቅ ሚዛን አለው፤ ምክንያቱም ሕመም የሌለበትን የንጽጽር ቡድን ልጅ ጭምር በቅን ኅሊና መጋበዝ ይቻላል።

ችግሩ ምልክቱ እጅግ ደካማ መሆኑ ነው። በአንጎል ውስጥ ያለው የጋባ መጠን በሊትር ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊሞል አካባቢ ሲሆን ውኃው ግን በአሥር ሺዎች እጥፍ ይበልጠዋል። በዚያ ላይ ጋባ በ3.0 ፒፒኤም ላይ (ፒፒኤም ምልክቱ በውጤቱ ላይ ያለበትን ቦታ ይናገራል) የሚሰጠው ምልክት ክሬቲን በተባለ ሌላ የአንጎል ኬሚካል ትልቅ ምልክት ሥር ይደበቃል። ይህን ለመግለጥ ሜጋፕሬስ የተባለው ዘዴ ሁለት ዓይነት ልኬቶችን እያፈራረቀ ይወስድና አንዱን ከሌላው ይቀንሳል፤ ክሬቲን በሁለቱም ላይ እኩል ስለሆነ ይጠፋል፣ ጋባም ይቀራል። ለዚህ በ3 ቴስላ መሣሪያ ላይ (ቴስላ የማግኔቱ ጉልበት መለኪያ ነው) ሦስት ሴንቲ ሜትር በሦስት በሦስት የሆነ፣ ማለትም 27 ሚሊ ሊትር የሚያህል ኩብ ተመርጦ አሥር ደቂቃ ያህል ይለካል። 27 ሚሊ ሊትር ማለት የቡና ሲኒ ግማሽ የሚሆን የአንጎል ክፍል ነው። ስለዚህ «የአሚግዳላን ጋባ ለካሁ» የሚል ሰው፣ አሚግዳላ ትንሽ የአንጎል ክፍል ስለሆነ፣ ከአሚግዳላው ይልቅ ጎረቤቶቹን ነው የለካው።

የቅነሳው ዘዴ እንቅስቃሴን ፈጽሞ አይታገሥም። አንድ ጊዜ ስከታተለው በነበረ ልኬት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ስምንት ደቂቃ ያህል እንደ ሐውልት ተኝቶ ከቆየ በኋላ ከበሩ አቅጣጫ የእናቱን ሳል ሰምቶ አንገቱን ዞር አደረገ። ከእኛ ክፍል ሆኖ ሲታይ እዚህ ግባ የሚባል እንቅስቃሴ አልነበረም። ውጤቱ ሲወጣ ግን በ3.2 ፒፒኤም ላይ፣ ከጋባው አጠገብ፣ መጥፋት የነበረበት የኮሊን፣ የሌላ የአንጎል ኬሚካል፣ ምልክት ወደ ላይና ወደ ታች ተሰንጥቆ ቀርቶ ነበር፤ ልኬቱም ተጣለ። ከዚያ ወዲህ አሥሩን ደቂቃ በአንድ ትንፋሽ ከመውሰድ ይልቅ በአጫጭር ክፍሎች ከፋፍሎ እየተመለከቱ መሄድን እመርጣለሁ።

ሌላው ጥንቃቄ የቁጥሩ ትርጉም ነው። «ጋባ» ተብሎ ከሚዘገበው ምልክት ግማሽ ያህሉ ከሌሎች ትላልቅ ሞለኪውሎች የሚመጣ ሊሆን ይችላል። ግሉታሜትም ቢሆን የነርቭ መልእክተኛ ከመሆኑ በተጨማሪ በሴሎች የኃይል ሥራ ውስጥ ስለሚያገለግል መሣሪያው መልእክቱን ከነዳጁ መለየት አይችልም። ጎተራው ሙሉ ነው ማለት ዛሬ ተፈጭቷል ማለት አይደለም።

በእነዚህ ገደቦች ውስጥም ሆኖ ዘዴው ቁም ነገር አስገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሮበርትሰንና ባልደረቦቿ ለሁለቱ ዓይኖች የተለያየ ምስል እያሳዩ አእምሮ አንዱን ትቶ ሌላውን የሚይዝበትን ፍጥነት ለኩ፤ ኦቲዝም በሌላቸው ሰዎች ላይ ይህ ፍጥነት በእይታው የአንጎል ክፍል ካለው ጋባ ጋር ሲያያዝ ኦቲዝም ባላቸው ላይ ግን ግንኙነቱ አልታየም። ልብ ይበሉ፦ የጋባው መጠን በራሱ በሁለቱ ቡድኖች መካከል አልተለያየም፤ የተለየው መጠኑ ከሥራው ጋር ያለው ግንኙነት ነው። እኔ ከዚህ የተማርኩት ስፔክትሮስኮፒን ብቻውን ከማስኬድ ይልቅ ከአንድ ቀላል የስሜት ሕዋስ ፈተና ጋር ማጣመር እጅግ እንደሚሻል ነው። ፈተናው ደግሞ ከአንድ ላፕቶፕ የበለጠ ወጪ አያስፈልገውም።

ያለው መሣሪያ 1.5 ቴስላ ከሆነ ጋባን ለመለካት አይሞከር። ኤንኤኤን፣ ክሬቲንን፣ ኮሊንንና ማዮኢኖሲቶልን የመሳሰሉ ሌሎች የአንጎል ኬሚካሎችን ግን በደህና ይለካል፤ ባለው የሚሠራ ጥያቄ መቅረጽ የሌለውን ከመመኘት ይሻላል። ሌላው በእኛ አገር ከዕቅድ የማይረሳ ጉዳይ መብራት ነው። የመሣሪያው ማግኔት ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ፈሳሽ ሂሊየም የሚቀዘቅዝ በመሆኑ የኃይል መቋረጥ ልኬቱን ማበላሸቱ ብቻ ሳይሆን ሲረዝም ሂሊየሙንም ያተናል። ስለዚህ ተጠባባቂ ጄነሬተሩ ማቀዝቀዣውን ጭምር የሚያሠራ መሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ፔት፦ ወፍጮውን መቁጠር

ፔት ኤምአርኤስ የማይደርስበትን ይደርሳል። በጨረር አመንጪ አቶም ምልክት የተደረገበት እጅግ ጥቂት ንጥረ ነገር በደም ሥር ይሰጥና አንጎል ውስጥ የት እንደተያዘ ይታያል። አንድን የተለየ ተቀባይ ወይም አንድን የተለየ አመላላሽ ፕሮቲን በሕይወት ባለ ሰው አንጎል ውስጥ ማየት ከተፈለገ ዋናው መንገድ ይህ ነው።

በኦቲዝም ላይ በተደረጉ የፔት ጥናቶች ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቀሰው ቹጋኒና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጡት ነው። ከትሪፕቶፋን ጋር በሚመሳሰል ንጥረ ነገር ተጠቅመው አንጎል ሴሮቶኒን የመሥራት አቅሙን ገመቱ። ኦቲዝም በሌላቸው ልጆች አቅሙ እስከ አምስት ዓመት ዕድሜ ከአዋቂ ሰው ሁለት እጥፍ በልጦ ከዚያ ሲቀንስ፣ ኦቲዝም ባላቸው ልጆች ግን ከሁለት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ቀስ በቀስ እየጨመረ ከአዋቂው አንድ ተኩል እጥፍ ይደርስ ነበር። ውጤቱ የሚያስደንቅ ነው። ግን የንጽጽር ቡድኑ እነማን ነበሩ? ስምንት ወንድምና እህቶች፣ እንዲሁም የሚጥል በሽታ ያለባቸው አሥራ ስድስት ልጆች። ጤነኛን ልጅ ለምርምር ብቻ ለጨረር ማጋለጥ ስለማይገባ በልጆች ላይ የሚሠራ የፔት ጥናት ሁሉ በዚህ ጠባብ በር ማለፉ አይቀርም። ትሪፕቶፋኑም ወደ ሴሮቶኒን ብቻ ሳይሆን ወደ ሌላ የኬሚካል መንገድ ሊሄድ ይችላል።

በአዋቂዎች ላይ ያለውም ስምምነት ገና ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ከጃፓን የወጣው የናካሙራ ጥናት ኦቲዝም ባላቸው ወንዶች አንጎል ውስጥ የሴሮቶኒን አመላላሽ ፕሮቲን ቀንሶ አገኘ፤ በቀጣዩ ዓመት የወጣው የጊርጊስ ጥናት ደግሞ አስፐርገር (ቀድሞ ለብቻው ይጠራ የነበረ የኦቲዝም ዓይነት) ባላቸው አዋቂዎች ላይ ልዩነት አላገኘም። የአንጎል ተከላካይ ሴሎችን በሚመለከት እ.ኤ.አ. በ2013 ጭማሪ ሲዘገብ በ2021 በሌላ ንጥረ ነገር የተሠራ ጥናት ቅናሽ ዘገበ። እነዚህ ጥናቶች በአብዛኛው በቡድን ሃያ ሰው እንኳ የማይሞላባቸው ወይም ከዚያ የማያልፉ ናቸው፤ የተጠቀሙበት ንጥረ ነገርና የተሳታፊዎቹ ዕድሜም ይለያያል። ስለዚህ ከአንዱ ጥናት ብቻ ተነሥቶ «ኦቲዝም የሴሮቶኒን እጥረት ነው» ብሎ ለወላጅ መናገር ስሕተት ነው።

ለጎንደር ተመራማሪ የሚቀረው የሰዓት ሒሳብ ነው። ለፔት ምልክት ማድረጊያ ከሚያገለግሉት ጨረር አመንጪ አቶሞች አንዱ የሆነው ካርቦን 11 በየ20 ደቂቃው በግማሽ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ላይ ቢመረት እንኳ በአንድ ሰዓት በረራ ጎንደር ሲደርስ የሚተርፈው አንድ ስምንተኛ ብቻ ነው፤ ያውም ከአውሮፕላን ማረፊያው ከአዘዞ እስከ ምርመራው ክፍል ያለው ጊዜ ሳይቆጠር። ስለዚህ በካርቦን 11 መሥራት ማለት እነዚህን አቶሞች የሚያመርተው መሣሪያ፣ ሳይክሎትሮኑ፣ በግቢው ውስጥ አለ ማለት ነው። ፍሎሪን 18 ግን በግማሽ የሚቀንሰው በ110 ደቂቃ ስለሆነ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሁለት ሦስተኛው በላይ ይተርፋል። በዚህ ምክንያት በውጭ ተቋም ፔት ለመሥራት ዕድል ያገኘ ተማሪ ቢችል በፍሎሪን 18 የሚሠራ ጥያቄ ይምረጥ፤ ወደ አገሩ ሲመለስ ሊቀጥልበት የሚችለው እሱን ነውና።

እንደ ፔት በጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ለሚሠራው ስፔክት ለተባለው ምስል አንድ አንቀጽ ይበቃዋል። የሚጠቀምባቸው ንጥረ ነገሮች ዕድሜያቸው ስለሚረዝም፣ ለምሳሌ አዮዲን 123 በግማሽ ለመቀነስ አሥራ ሦስት ሰዓት ያህል ስለሚወስድበት፣ ለማጓጓዝ ይመቻል። ምስሉ ግን ከፔት ይልቅ ደብዛዛ ነው፤ ጨረሩም አይቀርም።

ኢኢጂና የተግባር ኤምአርአይ

እነዚህ ሁለቱ ኬሚካል አይለኩም፤ ይህ በጥናቱ ርእስ ላይ ሳይቀር ግልጽ መሆን አለበት። የተግባር ኤምአርአይ የሚያየው በደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን ለውጥ ነው። ኢኢጂ ደግሞ የነርቭ ሴሎችን የኤሌክትሪክ ሞገድ ያነባል። ሆኖም ሞገዱ ለኬሚካሉ ባዕድ አይደለም፤ የጋባን ሥራ የሚያጠናክሩት ቤንዞዲያዜፒኖች የቤታ ሞገድን ከፍ እንደሚያደርጉ የታወቀ ነው። ከሁሉም በላይ ኢኢጂ ልጁ እናቱ ጭን ላይ ተቀምጦ የሚሠራ፣ ድምፅ የሌለውና ርካሽ ልኬት ነው። መናገር የማይችሉ፣ ከፍተኛ ድጋፍ የሚሹ ልጆች ከምስል ምርምር ሲገለሉ የሚኖሩት ኤምአርአይ ውስጥ መተኛት ስለማይችሉ ነው፤ እነሱን የሚያካትት ጥናት መሥራት ለሚፈልግ ሰው ኢኢጂ ቀጥተኛ ባይሆንም የመጀመሪያ ምርጫው ሊሆን ይገባል።

እዚህ ላይ ከመጻሕፍት የማይገኝ ነገር ላንሣ። ለኢኢጂ የምትመጣ ሴት ልጅ ሹሩባ ተሠርታ፣ ፀጉሯም ቅቤ ተቀብቶ ከሆነ ኤሌክትሮዱ ከራስ ቆዳዋ ጋር አይገናኝም። በቀጠሮው ቀን ሹሩባውን ይፍቱ ማለት ደግሞ የግማሽ ቀን ሥራና ገንዘብ ማባከን ነው፤ መዳበስ ለማይወድ ልጅም ፀጉር መፈታቱ ራሱ ሥቃይ ነው። ስለዚህ ቀጠሮው ሹሩባው በሚፈታበት ሳምንት እንዲሆን ከእናቲቱ ጋር አስቀድሞ መነጋገርና ፀጉሩ ቤት ውስጥ በሻምፖ ታጥቦ እንዲመጣ ማድረግ ያስፈልጋል።

ልጁን ማዘጋጀትና ማስተኛ መድኃኒት

በምስል ክፍሎች የተለመደው መፍትሔ ልጁን በመድኃኒት ማስተኛት ነው። ለሕክምና ምስል ይህ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ለኬሚስትሪ ጥናት ግን የሚለካውን ነገር ራሱን ያበላሻል። ፕሮፖፎልና ዲያዜፓም የሚሠሩት በጋባ ተቀባይ ላይ ነው፤ በአገራችን በብዛት የምንጠቀምበት ኬታሚን ደግሞ በግሉታሜት ተቀባይ ላይ ይሠራል። ልጁን በኬታሚን አስተኝቶ ግሉታሜቱን መለካት ወንዙን አደፍርሶ ጥራቱን እንደመመርመር ነው።

በየቀኑ የሚወሰዱ መድኃኒቶችም እንደዚሁ ናቸው። ኦቲዝም ካላቸው ልጆች አንዳንዶቹ የሚጥል በሽታ ስላለባቸው ፌኖባርቢታል ወይም ቫልፕሮዌት ይወስዳሉ፤ ሁለቱም ከጋባ ጋር የተያያዘ ሥራ አላቸው። ሪስፔሪዶን የዶፓሚን ተቀባይን ይይዛል፣ ፍሉኦክሴቲን የሴሮቶኒንን አመላላሽ ይዘጋል። ልጁ የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን ለጥናት ሲባል እንዲያቋርጥ መጠየቅ አይታሰብም። ያለው አማራጭ መድኃኒት የማይወስዱትን መምረጥ ወይም የሚወስዱትን መዝግቦ በትንተናው ለየብቻ ማየት ነው። ሴሮቶኒንን በአዋቂዎች ላይ የሚያጠና ሰው ደግሞ አመጋገብን ይመዝግብ፤ ትሪፕቶፋን የሚገኘው ከምግብ ስለሆነ አንዱን ቡድን በዐቢይ ጾም፣ ሌላውን ከፋሲካ በኋላ መለካት ያልታሰበ ልዩነት ሊያመጣ ይችላል።

ያለ መድኃኒት ለማስተኛት ልምምድ ያስፈልጋል። ውድ ልምምድ አይደለም፦ የትልቅ ማቀዝቀዣ ካርቶን ሁለቱም ጫፍ ተከፍቶ መሬት ላይ ይጋደማል፣ ውስጡ ፍራሽ ይነጠፋል፣ የመሣሪያው ድምፅ በስልክ ተቀድቶ መጀመሪያ ዝግ ብሎ፣ ቀን በቀን ከፍ እያለ ይከፈታል። እናቲቱ ቤቷ ወስዳ ብታለማምደው ደግሞ ይበልጥ ይሠራል። እውነተኛው መሣሪያ ከ100 ዴሲቤል በላይ ሊጮህ ስለሚችል የጆሮ መከላከያውንም አብሮ ማለማመድ ይገባል፤ ጆሮው ሲነካ የሚጮህ ልጅ በዕለቱ ድንገት ቢደረግለት አውጥቶ ይጥለዋል።

ከማግኔቱ ክፍል በፊት ያለው ፍተሻም ከአካባቢያችን ልማድ ጋር መስማማት አለበት። የማተቡ ክር ሊቆይ ይችላል፤ በእሱ ላይ ያለው የብረት መስቀል ግን መውለቅ አለበት፤ ክታብም በብረት ማቀፊያ ውስጥ ከሆነ እንዲሁ። ይህ በበሩ ላይ በጥድፊያ ሳይሆን ቀደም ባለው ቀጠሮ በአክብሮት ይነገር፤ የወለቀውንም አባት ወይም እናት እንጂ ባለሙያው አይያዘው። ልጇን ተከትላ የምትገባ እናትም ነጠላዋን ያያያዘችበት መርፌ ቁልፍ እንዳይረሳ፤ ማግኔቱ ይስበዋል።

አሁን ጎንደር ላይ ቢጀመር

አንድ ዓመትና ትንሽ በጀት ያለው ተማሪ ዛሬ ቢያማክረኝ ሰው ከመለካቱ በፊት በተለኩ መረጃዎች ላይ እንዲሠራ እነግረዋለሁ። ቢግ ጋባ የተባለው ስብስብ ከ24 የምርምር ተቋማት የተገኘ የ272 አዋቂዎች ልኬት ይዟል፤ ሁሉም ጤነኞች ስለሆኑ ስለ ኦቲዝም አይነግሩትም፣ ነገር ግን ጥሩና መጥፎ ልኬትን መለየት የሚማርበት ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ኤልሲሞዴል፣ ኦስፕሪና ጋኔት የተባሉት የትንተና ፕሮግራሞች ያለ ክፍያ ይገኛሉ፤ ጋኔት ማትላብ በተባለ የሚከፈልበት ፕሮግራም ላይ ስለሚሠራ ፈቃዱ መኖሩን አስቀድሞ ማየት ነው። ኦቲዝምን በቀጥታ ለሚፈልግ ደግሞ አባይድ የተባለው ስብስብ 539 ኦቲዝም ያላቸውንና 573 የሌላቸውን ሰዎች የኤምአርአይ ምስል ይዟል፤ ስፔክትሮስኮፒ ግን የለበትም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2022 ከ1200 በሚበልጡ ጤነኛ ሰዎች ፔት የተሠራ የ19 ተቀባዮችና አመላላሾች ካርታ ስለወጣ በአባይድ ላይ የሚታየው ልዩነት ከየትኛው ተቀባይ ስርጭት ጋር እንደሚገጥም መመርመር ይቻላል። ይህ ጨረርም፣ ጉዞም፣ ሳይክሎትሮንም የማይጠይቅ እውነተኛ ጥናት ነው።

ሁለትና ሦስት ዓመት ያለው፣ 3 ቴስላ መሣሪያም የሚያገኝ ሰው ስፔክትሮስኮፒን ከስሜት ሕዋስ ፈተና ጋር ይምረጥ፤ መተኛት በሚችሉ ወጣቶችና አዋቂዎች ይጀምር፣ በአንድ የአንጎል ክፍልና በአንድ ኬሚካል ይወሰን። ፔትን በራሱ ጥናትነት አሁን እንዲጀምር አልመክርም።

የትኛውም ቢመረጥ የስምምነት ቅጹ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር በጉልህ ይጻፍ፦ «ይህ ምርመራ ልጅዎ ኦቲዝም እንዳለው ወይም እንደሌለው አይናገርም፤ ሕክምናውንም አይለውጥም።» ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች በቃል ይነበብ፤ ይህም ስለ ትራንስፖርትና ስለ ምሳ አበል ከመነገሩ በፊት ይሁን። ከዚያም ወላጅ የሰማውን በራሱ ቃል መልሶ እንዲናገር ይጠየቅ። «ታዲያ ውጤቱን መቼ ይነግሩኛል?» የሚል ከሆነ ገና አልተግባባንም ማለት ነውና ማብራሪያው እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመር።